ከዱላ በኋላ የሚርበው

በዕውቀቱ ሚስቱን ጠጄን ደብድቦ ሲጨርስ ይርበዋል። ኤዲያ! ሲያወሩት እንኳ አፍ ያቆሽሻል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ጠብ ሲነሳ የእሷ ልብ ድው ድው ይላል። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ እያደረገ፣ ፊቱ ጥርት እያለ ይሄዳል። ሰው ተናዶ ይጦፋል እንጂ ተናዶ ያርፋል? እሱ ያርፋል። መትቶ መትቶ ሲበቃው በረጅሙ ይተነፍስና መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "እስቲ የሚበላ አቅርቢ" ይላታል። አፍንጫዋ እየደማ ታቀርባለች። ጣቱን እየላሰ ይበላል። አንዳንዴም፣ "ብይ እንጂ እመቤቴ" ብሎ በዚያው በመታት እጁ ያጎርሳታል። ቱ!

በቀበሌው ደግሞ ሞዴል አርሶ አደር ነው። በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። ድንቄም ሞዴል!

በገብስ አጨዳው ሰሞን የጎን አጥንቷን ሰበራትና ሞላሌ ከተማ አጠገብ ወዳለው አባቷ ቤት ሸሸች። አባቷ አቶ አፈወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሉኝታ ነው የያዛቸው። "እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ይቅርታ ከጠየቀሽ አብረሽው ትሄጃለሽ፤ አገር ምን ይለናል?" አሏት። ጠጄ ያን ቀን ምንም አልበላችም። ዳግመኛ ከዚያ ቤት ብትገባ በሕይወት እንደማትወጣ ታውቀዋለች።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። አቶ አፈወርቅ ለዕርቁ ሙክት አርደው ነበርና የጥብሱ ሽታ ከጓዳ ይመጣል። በዕውቀቱ እንደ ወጉ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። የንስሐ አባታቸው አባ መልከ ጼዴቅ ወደ ጠጄ ዞሩ።

"በይ ልጄ፣ የበደለሽን አንድም ሳታስቀሪ ተናገሪ። እሱ አቀርቅሮ ይስማ።"

ነገረቻቸው። የዱላውን፣ የእርግጫውን፣ ጸጉሯን እጁ ላይ ጠምጥሞ የጎተታትን። የተሰበረ ጎኗን በእጇ ደግፋ ነው የምትናገረው። በመጨረሻም አፍራ አፍራ፣ "ደግሞ መትቶኝ ሲያበቃ ይርበዋል፣ አባ" አለች።

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። አባ መልከ ጼዴቅም፣ "እህል መብላት በደል ነው እንዴ? እሱን ተይው" አሏት። አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው የነገር ማሳመሪያ የጨመረች መሰላቸው።

ጠጄ ግን ከድንጋዩ በታች ያለውን ፊት ታያለች። ገና ሲመጣ ጨፍግጎ የነበረው ሰውዬ እሷ በተናገረች ቁጥር ግንባሩ ሲፈታ፣ ትንፋሹ ሲረዝም፣ ትከሻው ዘና ሲል አየች። ታውቃታለች እኮ፣ ያችን ፊት! እሷ የምትቆጥረውን ዱላ እሱ እንደገና እያጣጣመው ነው።

"አያችሁት? ልቡ ተሰብሯል" አሉ አባ መልከ ጼዴቅ። ሽማግሌ ሆነው፣ ቄስ ሆነው፣ ጸጸት መሰላቸው!

ድንጋዩን አውርድ ተባለ፤ አወረደ። የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሳመ፤ የአማቱንም ሳመ። "በሉ እንግዲህ፣ ማዕድ ይቅረብና ተጎራርሰው ዕርቁ ይጽና" ተባለ። አቶ አፈወርቅ ራሳቸው ጥብሱን ከጓዳ ይዘው ወጡ። በዕውቀቱ ሲያያቸው በረጅሙ ተነፈሰና እጁን እያሻሸ ፈገግ አለ።

"እሰይ አባቴ፣ ደረሱልኝ! እንዲያው ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እሷ መናገር ከጀመረች አንስቶ ሆዴን ሞረሞረኝ።"

አቶ አፈወርቅ እመሃል ግቢው ላይ ቆሙ። የአማቻቸውን ጥርት ያለ ፊት አዩ፣ ጎኗን በእጇ የደገፈች ልጃቸውን አዩ። ሳህኑን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱና ጥብሱን በሙሉ ለውሻው ደፉት።

"ኧረ አፈወርቅ፣ ምን ነካህ? ሥጋው ምን አደረገ?" ጮኹ አባ መልከ ጼዴቅ።

"ልጄ የትም አትሄድም። አንተም ውጣ ከቤቴ!"

በዕውቀቱ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ውሻውንም አየ። ገና እንደራበው ወጣ። አቶ አፈወርቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

"ጠጄ፣ ውሃና ሳሙና አምጪልኝ ልጄ። ጉልበቴን ስሞኛል።"