ሃምሳ ሁለት ኒውትሮን

መምህርት ሸዋረገጥ ባሏን ዘላለምን በቀበረች በአስራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገባች። «ትንሽ እረፊ እንጂ» ቢሏት፣ እቤት መቀመጡም ያው ነው ብላ ጥቁር ልብሷን ለብሳ መጣች። እውነቷን ነው፤ ሁሉም ነገር ያው ሆኖባታል። ጠዋት ከሰፈሯ ከሰቶ ሰመሮ በባጃጅ ትመጣለች፣ ታስተምራለች፣ ትመለሳለች። ምሳ በልተሽ ነው ወይ ብትባል እንኳ ትንሽ ማሰብ አለባት። ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣትም፤ ሰው ደግሞ መች ያርፋል፣ «ልበ ደንዳና» ብሎ አማት።

የዘጠነኛ «ለ» ኬሚስትሪ የእሷ ነው። በተመለሰችበት ዕለት ተራው የአይሶቶፕ ነበር። የፕሮቶናቸው ቁጥር እኩል ሆኖ የኒውትሮናቸው ቁጥር የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ናቸው፤ ይህን በእንቅልፍ ልቧም ትለዋለች። ቡና ሲለቅሙ ላደጉ ልጆች ደግሞ የራሷ መላ አላት፦ ሁለት እሸት ቡና ከውጭ ሲያዩት ልዩነት የለውም፣ ሲፈለፈል ግን አንዱ ሁለት ፍሬ፣ ሌላው አንድ ድቡልቡል ፍሬ ብቻ ይወጣዋል። ያን ቀን ቡናውንም አላነሳችውም። ክሎሪን ሠላሳ አምስት ብላ ጻፈች፤ ፕሮቶኑ አስራ ሰባት። ኒውትሮኑን ለማግኘት መቀነስ ሲገባት ደመረች። ሃምሳ ሁለት!

ወይ ጉድ! ይቺ እኮ ኅዳግ ያልተሰመረበት ደብተር አላርምም ብላ የምትመልስ ሴት ናት።

ስልሳ አንድ ተማሪ አየ፤ አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። ምን ይበል? ለቅሶ ቤት ሄዶ ሐዘንተኛን «ተሳስተሻል» የሚል ሰው አለ እንዴ? ሐዘንተኛ የሰው ስም ቢያምታታ፣ ማክሰኞን ሐሙስ ቢል፣ «አዎ» ነው የሚባለው። ልጆቹም ያደጉት እንዲሁ ነው። የክፍሉ አለቃ ሌንሳ ወደኋላ ዞራ በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸውና ሁሉም ሃምሳ ሁለት ብሎ ጻፈ። በማግስቱም ደመረች፣ በሳምንቱም ደመረች። እነሱ ከትምህርት በኋላ የ«ሐ»ን ክፍል ደብተር እየተዋሱ ትክክለኛውን እርስ በርስ ይማማራሉ፤ እሷ ፊት ግን ድምር ነው።

ፈተና ደረሰ። «የሚያርሙት እሳቸው አይደሉ? ወረቀት ላይ እናሳፍራቸው?» ተባባሉና ስልሳ አንዱም ደመሩ። ምስኪኖች! ዘንድሮ መምህራኑ ወረቀት ተለዋውጠው እንደሚያርሙ ማንም አልነገራቸውም።

የ«ለ» ወረቀት የደረሰው መምህር ሸኩር ነው። «ሸዋዬ፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ኩረጃ አይቼ አላውቅም» አላት። «ስልሳ አንድ ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት!» ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ጋ ደረሰ። ልጆቹ ባንዲራው ስር ተሰልፈው መልሱን ማን እንዳደለ ተጠየቁ፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እንግዲያው ፈተናው ይሰረዛል፣ ዜሮ ይያዛል ተባለ። በኬሚስትሪ ዜሮ ከተያዘ ግማሹ ልጅ ክፍል መድገሙ ነው።

ሸዋረገጥ እንድትፈርም ቃለ ጉባኤው ቀረበላት። ስህተቱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ «እሺ» አለች። ትፈርም ነበር፣ ምን ገዷት! ግን ለማስረጃ አንድ ደብተር ይያያዝ ስለተባለ ሌንሳን አስጠራቻት።

ደብተሩን ገለጠችው። ሠላሳ አምስት ሲደመር አስራ ሰባት። ቀጣዩም ገጽ ድምር፣ ከዚያ ወዲያም ድምር። የመጨረሻው ቅጠል ላይ በእርሳስ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ ሠላሳ አምስት ሲቀነስ አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምንም አይደል ቲቸር።»

«ሌንሳ! ደምሩ ያላችሁ ማነው?»

«ማሎ ቲቸር፣ እባክዎ ይተዉት። ዜሮውን እንወስደዋለን።»

«ማነው አልኩሽ!»

ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «እርስዎ ነዎት። ከለቅሶ የመጡ ዕለት።»

«ታዲያ አትነግሩኝም?»

«ካረምንዎት አፍረው የሚቀሩ መስሎን ነው። እቤት ብቻዎን ከሚሆኑ…»

ሸዋረገጥ ቃለ ጉባኤውን ሳትፈርም ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ መለሰችው። «ኩረጃ የለም። እኔ ነኝ ደምሩ ያልኳቸው።»

«መምህርት ሸዋረገጥ፣ ይሄ እኮ ማህደርሽ ውስጥ ይገባል!»

«ይግባ። ፈተናውን ድጋሚ እፈትናቸዋለሁ» ብላ ወጣች።

ክፍል ገብታ ክሎሪን ሠላሳ አምስት ብላ ጻፈች። «ኒውትሮኑ ስንት ነው?»

ሁሉም ሌንሳን ያያል።

«ባሌ ሞቷል» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነው፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ዘላለም ሞቷል። እኔ ግን ብታርሙኝም አልቀርም፣ ነገም እመጣለሁ። ስንት ነው?»

«አስራ ስምንት!» አሉ፣ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ።

«ጎበዞች» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና፣ ያኔ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን አለቀሰችው። ሌንሳ ተነስታ በሩን ዘጋች። ስልሳ አንዱም ለቅሶ እንደመጣ ሰው አቀርቅረው፣ ደወሉ እስኪደወል ዝም ብለው አብረዋት ተቀመጡ።