የዳርጌ ማክሰኞ

ዳርጌ ጂንካ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ራጅ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ «አበጀህ!» ያለው ሰው የለም። ያለምወርቅ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ የራጅ ሥራ ተምራ በመጣች በሳምንቷ ግን ዶክተር ፈለቀ ፊልሟን ወደ መስኮቱ አንሥቶ «ራጅ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ያውም ዳርጌ ፊት! ትናንት መጥታ? እሱ ጄኔሬተሩን እየፈታ እየገጠመ የኖረው ለማን ሆነና?

እሷ ደግሞ ክፋት የላትም እኮ። «ጋሽ ዳርጌ» ትለዋለች፣ ምሳዋን ታካፍለዋለች። የባሰ ያንገበገበው ይኼው ነው፤ የሚጠላበት ሰበብ እንኳ አላስቀረችለትም።

ማክሰኞ አንዲት የሐመር ሴት ሕፃኗን ታቅፋ እየሳለች መጣች። ያለምወርቅ ጨሌዋንና አምባሯን አስወልቃ ራጅ አነሣቻት። ፊልሙ ሲደርቅ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ነጭ ጥላ ታየ። ዶክተሩም «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ይለይ፣ ጡት እንዳይጠባ» ብሎ አዘዘ።

ዳርጌ ፊልሙን አንዴ አይቶ ገባው። ነቀርሳ የት አባቱ! ሹሩባዋን የተቀባችው ቅቤና ቀይ አፈር ነው፤ አፈሩ ብረት አለበት። ፀጉሩ ትከሻ ላይ ከተኛ ፊልሙ ላይ በሽታ መስሎ ይወጣል። እሱ ሁልጊዜ የሐመር ሴቶችን ፀጉር ሽቅብ ሰብስቦ በሻሽ አስሮ ነው የሚያነሣቸው። ይኼን አዲስ አበባ ማን ያስተምራል?

ወዲያው ቢናገር «ጎሽ» ተብሎ ይቀር ነበር። ቅዳሜ ግን የሠራተኛ ስብሰባ አለ። ያኔ በሰው ፊት አዋርዳታለሁ አለ። አራት ቀን ምን አላት? ሕፃኑ ማዶ ሲያለቅስ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ሐሙስ የዱቄት ወተቱ አስቀመጠው፣ ግሉኮስ ተተከለለት ሲባልም ሰማ። የክፍሉን በር ዘግቶ ቅዳሜን ጠበቀ።

ቅዳሜ ሴትዮዋን ፀጉሯን አስሮ በድጋሚ አነሣትና ስብሰባው ላይ ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን ሰቅሎ የአፈሩን ነገር አስረዳ። የአሁኑ ጥርት ያለ ነው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዶክተሩ እጁን ጨብጦ «ጓድ ዳርጌ፣ ነፍስ አዳንክ!» አለው።

ያለምወርቅ እንባዋን እየጠረገች «ጋሽ ዳርጌ፣ መቼ ነው የደረሱበት?» አለችው።

«እኔ?» ደረቱን ነፋ። «ገና ማክሰኞ! አንዴ ሳየው!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ዶክተሩ እጁን ለቀቀው። ያለምወርቅ ሮጣ ሕፃኑን አመጣችና በር ላይ ለቆመችው እናቱ ሰጠቻት። እናቱ ጡቷን አጎረሰችው፤ ሕፃኑ መሳብ አቃተው።

በዚህ መሐል አንዷ አስታማሚ በሐመርኛ «ጤነኛ ነሽ ያለልሽ ይኼ ነው» ብላ ዳርጌን አሳየቻት። ሴትዮዋ ሕፃኑን ባላቀፈው እጇ የዳርጌን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች፣ እያመሰገነች አልለቀቀችውም።