የበሩ ወገን

ሊዮና ትረስኮት ተንበርክካ ነጩን ፕላስተር በአዳራሹ ወለል ላይ እየዘረጋች ነበር። ከመድረኩ ሥር ተነስቶ እስከ ኋላው ግድግዳ የሚደርስ፣ አዳራሹን ለሁለት የሚከፍል አንድ ነጭ መስመር። በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜ ለጉልበት የሚመከር ሥራ አይደለም፤ እኛ እንሥራልዎት የሚሉ ወጣቶችም ሞልተዋል። እሷ ግን ይህን ሥራ ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ ፕላስተሩ ተጣመመባት፤ ላጠችው፤ እንደገና ተጣመመባት፤ በመጨረሻ «እንደ ፍጥርጥርህ!» ብላ በጫማዋ ረገጠችው።

በዚህ የኦሃዮ ትንሽ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ታሪክና የሕገ መንግሥት ማዕከል ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያስተዳድር ያስተምራል፤ ራሱም በሚያስተምረው ለመኖር ይሞክራል። የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። በየዓመቱ በሚያዝያ፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ፣ ለሥልጠና የሚመላለሱት የአካባቢው የታሪክ አስተማሪዎችና ጡረተኞቹም ጭምር በጉባኤ ይቀመጣሉ። ድምፅ የሚሰጠው ግን በወረቀትም በእጅም አይደለም፤ በእግር ነው። የቀረበውን ሐሳብ የሚደግፍ ተነስቶ ወደ መስኮቶቹ ወገን ይሄዳል፤ የሚቃወም ወደ በሩ ወገን። መስመሩ ላይ መቆም አይፈቀድም። ይህን ልማድ ያመጣችው ማዕከሉን የመሠረተችው ሊዮና ራሷ ናት። «ሰው ያመነበት ቦታ ሰው እያየው ይቁም» ትላለች፤ ተማሪዎቿም ድምጿን እያስመሰሉ ይስቁበታል።

ዛሬ በእግር የሚወሰነው የእሷ ጉዳይ ነበር። አንድ ዳይሬክተር ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳያገለግል የሚከለክለው አንቀጽ ለእሷ ሲባል፣ ለዚህ ጊዜ ብቻ፣ ይነሳ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንቀጹን የጻፈችው እሷ ናት። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሁለት ዘመን ገዝቶ፣ ማንም ሳያስገድደው ወደ እርሻው የተመለሰበትን ታሪክ ስታስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ስልካቸውን እንኳ የሚያስቀምጡ አሉ። የእሷ ሁለተኛ ዘመን በዚህ ሰኔ ያበቃል።

«ጠማማ ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ግራንት ኤልዝዊክ ነበር፤ ምክትሏ። በአንድ እጁ የዶናት ካርቶን፣ በሌላው የራሰ ጃንጥላ ይዟል። ቀኝ ጫማው በተራመደ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤ ከፎቅ እስከ ምድር ቤት መምጣቱን የማይሰማ የለም፤ ጫማውን ግን አይቀይርም።

«ምኑ ነው ጠማማው?»

«መስመሩ ነዋ። ወደ በሩ አዘነበለ። የመስኮቱን ወገን አሰፋሽው እኮ።»

«ሂድና ዓይንህን ታከም።»

ግራንት አልሳቀም። ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀመጠና ጃንጥላውን መዘርጋትና መዝጋት ያዘ። ከዚህ ሰው ጋር ስትሠራ ኖራለች፤ ጃንጥላ የሚያስጨንቀው ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች።

«ሊዮና፣ ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። ዛሬ የምቆመው በበሩ ወገን ነው።»

ቀስ ብላ ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። «ወንበሩን ፈልገህ ነው?»

«ፈልጌዋለሁ። ልዋሽሽ እንዴ? አንተ ትረከበኛለህ ስትይኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ግን ለሱ ብቻ አይደለም። ራስሽ የጻፍሽውን ራስሽ ስታነሺው፣ መስከረም ላይ እነዚያን ልጆች ምን ብዬ ነው የማስተምራቸው?»

«እኔ አላነሳሁም። ሐሳቡን ያቀረበው ስታምፐር ነው።»

«ከለከልሽው?»

አንድ ዶናት አንስታ ነከሰች፤ ጣዕሙ ግን አልታወቃትም።

አልከለከለችውም። ቨርጂል ስታምፐር የተባለው ጡረተኛ አስተማሪ ሐሳቡን ቢሮዋ ድረስ ይዞላት ሲመጣ «እስቲ ጉባኤው የሚለውን እንስማ» ብላ ነው የሸኘችው፤ ከሸኘችው በኋላም በሩን ዘግታ ብቻዋን ፈገግ ብላለች። ምክንያቱ በቂ ነበር። አዲሱ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ማዕከሉን ከሌላ ትምህርት ክፍል ጋር ሊያጣምረው ነው የሚል ወሬ አለ፤ ሰውየውን ፊት ለፊት ገጥማ የምታስቆመው ሊዮና ብቻ ናት ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የምትሄደው ለመተኛት ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት ወጥ ቤቷ ተቀምጣ የማቀዝቀዣውን ድምፅ እየሰማች፣ ሰኞ ማለት እንዲህ ሊሆን ነው ብላ አስባ ነበር፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። መቆየት ፈለገች። ሕፃን ልጅ ከጨዋታ ሲጠሩት እንደሚፈልገው ያህል ፈለገች።

ሰዎቹ ዝናቡን እያራገፉ ገቡ። ሊዮና ከመድረኩ ላይ፣ ከመስመሩ ጫፍ፣ በሰብሳቢው ወንበር ተቀመጠች። የእንጨት መዶሻዋን አንዴ መታች፤ ወሬው ቆመ። እጇ ግን አላርፍ አለ፤ መዶሻውን ትገለብጠዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች።

ስታምፐር በሰፊ ደረቱ ላይ ሸሚዙን እየጎተተ ሐሳቡን አብራራ። «እኔ ሰላሳ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ የሚያስፈራኝ ነገር የለም» ሲል ሳቁለት። «ቤቱ እየነደደ የእሳት አደጋውን ሰውዬ፣ በል ሰዓትህ አልቋል ሂድ፣ ይሉታል? አይሉትም! ሊዮና እሳቱን ታጥፋልን። ከዚያ ትሂድ፤ ማን ያዛት?»

ጭብጨባው ሳያልቅ ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ዴላ ሩካቪና ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን በሊዮና አማካሪነት የምትጽፍ ተማሪ። አባቷ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበር በስብሰባ መካከል ነው ያደገችው።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፣ ሰብሳቢ።»

«ቀጥይ።»

«እየተነጋገርን ያለነው ስለ እርስዎ ነው። እርስዎ እዚያ ተቀምጠው መምራት ይችላሉ?»

ሊዮና ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፈለገች፤ የለም። ስለዚህ ጉዳይ ደንቡ ምንም አይልም። ስትጽፈው አልታሰባትም ነበር፤ ያኔ እንዲህ ዓይነት ቀን ይመጣል ብላ ስለ ራሷ አልጠረጠረችም።

«ደንቡ ዝም ያለበትን የሚተረጉመው ሰብሳቢው ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር። ችግሩም እሱ ነው። ሰው በራሱ ጉዳይ ሲፈርድ ምን እንደሚከተል አንድ ሙሉ ሳምንት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ፈተናም ላይ መጥቷል።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈነው። ሊዮና ፊቷ ሲግል ታወቃት። ልጅቷ ትክክል ናት። ትክክል መሆኗን ጥያቄው ሳያልቅ ነው ያወቀችው፤ የተናደደችውም ለዚህ ነበር።

«ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። መምራቴን እቀጥላለሁ።» መዶሻውን መታች፤ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

ዴላ ተቀመጠች። ግራንት ወለሉን ያይ ነበር።

«ወደ ድምፅ እንግባ» አለች ሊዮና።

ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። ያኔ ነበር ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ነገር ያየችው። እያንዳንዱ ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ቀና ብሎ ወደ እሷ ያያል። ለአፍታ ነው፤ ከዚያ ይሄዳል፤ ወደ መስኮቱ። ትናንት በኮሪደሩ «መሄድ አለባት፣ ምን ታደርጊዋለሽ» እያለች ለጓደኛዋ ስትነግር ሊዮና በጆሮዋ የሰማቻት ተማሪ ቀና ብላ አየቻትና ወደ መስኮቱ ሄደች። ከእሷ የምስክርነት ደብዳቤ የሚጠብቁት ሄዱ። ለመጪው ሥልጠና ስማቸው እንዲመረጥ የሚፈልጉት አስተማሪዎች ሄዱ። ዓመት በመጣ ቁጥር ሰዎች እሷን ሳይሆን መስመሩን አይተው የሚራመዱ ይመስላት ነበር።

በበሩ በኩል ዴላ ብቻዋን ቆማለች። ከእሷ ኋላ፣ ወንበሩ ላይ፣ የቀድሞው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሚስተር ፔቲግሩ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንዱ ትከሻቸውን ነቀነቃቸው።

«እ? ተጀመረ እንዴ? የሊዮና የትኛው ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ አሳዩአቸው፤ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተሻገሩ።

የቀረው ግራንት ነው። ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ፤ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ቆመ። እሱም እንደ ሌሎቹ ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳየ አታውቅም፤ ፊቷ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግራት ማንም የለም። ግራንት ዞረ። ጫማው ሲጢጥ እያለ መስመሩን ተሻገረና ከሁሉም ኋላ ቆሞ በመስኮቱ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ሰኞ አለ፤ ማክሰኞም አለ። መዶሻውን አነሳች። አንዴ ብትመታው አለቀ፤ ውሳኔው ይጸናል። የማዕከሉ ሥርዓት ግን መዶሻው እስኪመታ ድረስ ልቡን የለወጠ ሰው ተመልሶ እንዲሻገር ይፈቅዳል፤ ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት።

የግራንትን ጀርባ አየች። ጠዋት ፊት ለፊት ቆሞ እቃወምሻለሁ ያላትን ሰው ፈለገችው፤ ያ ጀርባ የሱ አልመስልሽ አላት።

«መሻገር የሚፈልግ ካለ ጊዜው አሁን ነው» አለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ሁሉም እሷን ያይ ነበር።

«ከዚህ ወዲያ ማን ይሻገራል!» አለ ስታምፐር በደስታ። «በይ ምቺውና ምሳችንን እንብላ!»

አልመታችውም። መዶሻውን ዝቅ አድርጋ «ሚስተር ፔቲግሩ፣ እባክዎ ወደዚህ ይምጡ» አለች።

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አሉ ሽማግሌው፤ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ወደ መድረኩ መጡ።

መዶሻውን በእጃቸው አስያዘቻቸው። «ወንበሩን ይያዙልኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰዉ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ሲረጋ ይቁጠሩና ይምቱ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚረጋው?»

«ሲረጋ ያውቁታል።»

«ፕሮፌሰር፣ ወዴት ነው?» አለች ዴላ።

ሊዮና ከመድረኩ ወረደች። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄሽ ተቀባይነት አግኝቷል» አለች። ሌላም ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ግን ተወችው።

ለመውጣት በበሩ ወገን ማለፍ ግድ ነበር። ጠማማውን መስመሯን ረግጣ ተሻገረች፤ ከፊቷ ባዶው የአዳራሹ ግማሽና እጆቿን አጣጥፋ የቆመችው ልጅ ብቻ ነበሩ። ዴላ ጎን ስትደርስ የልጅቷ ዓይኖች መቅላታቸውን አየች። ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና አለፈች። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ኮሪደሩ የራሰ ካፖርት ይሸታል። እጀታውን ሳትለቅ በሩ አጠገብ ቆመች። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ዝም በሉ፣ አለች በልቧ፤ ባላችሁበት ቁሙ፤ እስቲ አሁን ማንም ሳያያችሁ ቁሙልኝ። እንዲህ ዓይነት ልመና ለምና አታውቅም፤ አፈረችበት፤ ግን አላቋረጠችውም። ዝምታው ረዘመ። ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

ሲጢጥ።

ከሩቅ ነበር፤ ከመስኮቶቹ በኩል። ቆመ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ እያለ ቀረበ፤ መሃሉን አለፈ፤ ወደ በሩ መጣ። ጎበዝ፣ አለች ሳታስበው፤ ወዲያውም ልቧ ተሰበረ።

ከዚያ ሌላ እግር ተሰማ፤ ከዚያም ሌላ። ማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም። የስታምፐር ድምፅ «እንዴ፣ እናንተ ሰዎች!» ሲል ሰማችው። እርምጃዎቹ በዙ። ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ጆሮዋን ብታስጠጋም ተደበላለቁባት፤ የመጡት ብቻ ናቸው ወይስ የሚመለሱም አሉ፣ ይህም አልለይ አላት። አሁን ከእንጨቱ ባሻገር፣ በጣም ቅርብ፣ ሰዎች ሲተነፍሱ ይሰማታል። የእግራቸው ክብደት በወለሉ በኩል እሷ እስከቆመችበት ይደርስ ነበር።

መዶሻው ገና አልተመታም። ሊዮና እጇን ከበሩ እጀታ ላይ አነሳችና ቦታ እንደምትለቅላቸው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።