ስምንት ሰዓት፣ በማን ሰዓት?

እኔ ሳፊያ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን እጄ ላይ የሞተ ሕፃን የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ከደሴ ወጥቼ አባቴ አገር፣ አደን ከተማ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ሁለቱ የመኖች ሲጋቡም፣ ሲጣሉም፣ እንደገና ሲተኳኮሱም እዚሁ በሳቲን ሰፈር ሆኜ ሳዋልድ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፤ እሱም በእጄ ሳይሆን በምላሴ።

ደብሪቱ ግቢዬ ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል የምትኖር የራያ ሴት ናት። ከአራት ዓመት በፊት በጀልባ ስትሻገር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ የሺሀረግ አብራት ነበረች። ውኃ ያለቀባቸው ባሕሩ መሐል ነው። ልጅቷ የባሕሩን ጨው ጠጣች፤ ዳርቻው ከደረሱ በኋላ አሸዋው ላይ ሞተች። ቀኑ የዐረፋ ማግስት ጁምዓ ነበር፤ በእነሱ ደግሞ መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው። አብሯቸው የተሻገረ ሀብቶም የሚባል ጎልማሳ ሰዓቱን ከእጁ አይቶ ነገራት፤ ስምንት ሰዓት።

በዚያው ዕለት እኔ የጎረቤቴን የዋፋን ልጅ ሃዲልን አዋለድኩ። ጦርነቱ ገና መብረዱ ነበር፤ ሆስፒታል የሚባለው ግድግዳ እንጂ ሐኪም አልነበረውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማንም አያይዟቸው አያውቅም ነበር፤ እኔ እስካያይዛቸው።

ሃዲል በሦስት ዓመቷ ደብሪቱን «እማዬ» አለቻት። ምን ይገርማል? ቀኑን ሙሉ የምትውለው እኔ ጓዳ ነው፤ አማርኛውን ከእኔ ነው የለቀመችው፣ ስድቡን ጨምሮ። ደብሪቱ ግን ክው አለች።

«እትዬ ሳፊያ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው የተወለደችው?»

«የዐረፋ ማግስት፣ ጁምዓ፣ ስምንት ሰዓት» አልኳት ሽንኩርት እየላጥኩ። ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጥኩም።

ቁጭ አለች። ቁጭ አለች ስል ወደቀች ማለቴ ነው።

በማግስቱ መዓላ ሰፈር ሱቁን ለምትጠርግለት ባንያን፣ ለሕንዱ ነጋዴ ሽማግሌ ነገረችው። እሱም ነፍስ ተከራይ ናት፣ አንዱ ቤት ሲፈርስ ወደ ሌላው ትገባለች፣ ጊዜም እንደ ወፍጮ ይዞራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም አላት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያደገበትን ነው የነገራት። ግን ይህን ልቧ ለተሰበረ ሴት መንገር ለተራበ ሰው ጫት እንደ መስጠት ነው። ያቆመዋል፣ አያጠግበውም።

«እኛ ነፍስ በርዘኽ በሚባል ማቆያ ትቆያለች ነው የምንለው፤ እስከ ቂያማ፣ እስከ ትንሣኤ ቀን እዚያው ናት» አልኳት። «አንቺም ክርስቲያን ነሽ። ቄስሽ ይህን ቢሰማ ምን ይልሻል?»

«ቄሱ አሸዋው ላይ አልነበረም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሃዲልን የሺ ማለት ጀመረች። ልጅቷ ባሕር ስትፈራ፣ «አዩ?» ትለኛለች። ግራ ጆሮዋን ስታክ፣ «አዩ?» «ቅማል ነው» እላታለሁ። አትሰማም።

እንዲህ እንዲህ እያለች ዓመት ሞላት። በዚህ መሐል ስደተኞቹን ወደ አገር የሚመልሱት ሰዎች ስሟን ጠሩ። ሐሙስ አውቶቡስ መጥቶ ወደ አውሮፕላን ይወስዳል፤ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ራያ ላይ ደስታው የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አላት፤ እህቷ ዘንድ ነው የተወችው። እኔ ጓዟን ታስራለች ብዬ ስጠብቅ እሷ የእኔን ልብስ ታጥባለች።

«ልጄን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«ልጅሽ እኮ እዚያ ነው፣ አንቺ ሴት!»

«አንዷ እዚህ ናት።»

ዋፋም መጣችብኝ፤ ዐባያዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ። «ያ ኻላ ሳፊያ፣ ወላሂ ከእንግዲህ አልችልም። ባሌ ዐማር ዛሬ ሃዲል እንዳትወጣ በሩን ቆልፊ ብሎኝ ነው ሥራ የሄደው። ልጄ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ማማ፣ እኔ ሞቼ ነበር ወይ?› አለችኝ። የአራት ዓመት ልጅ!»

«አነጋግራታለሁ» ብዬ ሸኘኋት።

ሰኞ ዕለት ደብሪቱ የልጇን ሞት ለመቶኛ ጊዜ ስትነግረኝ እኔም ለመቶኛ ጊዜ በግማሽ ጆሮ ስሰማ፣ «አሸዋው እግሬን ለበለበኝ» አለች። «በጥላዬ ልሸፍናት ብቆም፣ ጥላዬ አጥሮ ለእኔም አልበቃ።»

በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ሙሉ ሆኖ ገባ። ሃዲል የተወለደች ዕለት አሸዋ የሚለበልብበት ሰዓት አልነበረም። ፀሐይዋ ገና በምሥራቁ መስኮት ብቅ ማለቷ ነው፤ የዐማር ሻይ እንኳ አልፈላም። እሱ ነው ሰዓቱን አይቶ «አስሳዓ ሰማኒያ» ያለኝ። ሰማኒያ በዐረብኛ ስምንት ነው። እኔም ስምንት ብዬ ያዝኩት፣ ስምንት ብዬ ተናገርኩት። ዐረብ ግን ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ከንጋት። የእሱ ስምንት የእኛ ጠዋት ሁለት ነው። ቃሉን አሻግሬ ጊዜውን ማዶ ትቼዋለሁ። አርባ ዓመት ሁለት ዓይነት ሰዓት በሆዴ ይዤ ኖሬ፣ በአንድ ሽንኩርት መሐል አምታታኋቸው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ እንቢ አለኝ። ስቀመጥ እነሣለሁ፤ ስነሣ የምሄድበት የለኝም። ማክሰኞ ሁጀይፍ ድረስ ሄድኩ፤ ወደቡ አጠገብ ቆሜ ወዛደሮቹ ጆንያ ሲያወርዱ አየሁና ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ዝም ብልስ? ዝም ብል ደብሪቱ ትቀርልኛለች። ጀርባዬን የሚያሸኝ፣ ስጮህ የሚመልስልኝ ሰው አገኛለሁ። ስሜም አይነካም፤ «ሳፊያ ያዋለደችበትን ሰዓት አትስትም» እንደተባለ እሞታለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። አልዋሽም፣ በደንብ አድርጌ አሰብኩት። ግን ዝም ባልኩ ቁጥር የዋፋ ልጅ ሞቼ ነበር ወይ ትለኛለች፤ የማላውቀው ደስታውም ራያ ላይ ቆሞ መንገድ ያያል።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ደብሪቱ፣ ተሳስቻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል ማውጣት ከመንታ ምጥ ይከፋል። «የሃዲል ስምንት ሰዓት የዐረብ ነው። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የተወለደችው።»

መጀመሪያ ሳቀች። «ዋፋ ናት ያስባለችዎት።»

«እኔን ማን ምን ያስብለኛል?»

ይህ ገባት። እጇ ላይ ያለውን ነጠላ ሳትሰቅል በጣቶቿ ቆጠረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስምንት ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ» አለች።

«አዎ።»

«ባንያኑ ጊዜ ይዞራል ብሏል። ወደ ኋላም ሊዞር ይችላል።»

«እንዳሻው ይዙር! እኔ የሃዲልን እትብት ቆርጬ፣ አጥቤያት፣ ጡት ጠብታ ተኝታ ነበር። ነፍስ ሳይገባው የሚጠባ ልጅ አዋልጄ አላውቅም። ያን ጊዜ የሺሀረግ ምን ታደርግ ነበር?»

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። አፌ ነው።

«ውኃ ትለምነኝ ነበር» አለች።

እርጥቡን ነጠላ ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ዓመት ሙሉ ስለ ልጇ ስታወራ እንባ አይቼባት አላውቅም፤ ለካ ያልሞተች ሰው አይለቀስላትም። አሁን ግን ዋይ አለች፤ የግቢው ሴቶች ወጥተው ማን ሞተ ብለው ጠየቁኝ። «ልጇ» አልኳቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ዋፋም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሲወጣላት ቀና ብላ፣ «እና አሁን የት ናት?» አለችኝ።

ስለ በርዘኽ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። «አላውቅም» አልኳት። ለእኔ ይህም አዲስ ቃል ነው።

ሐሙስ አውቶቡሱ መጣ። ደብሪቱ ከክፍሏ ጓዟን ይዛ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። ጓዟን ልያዝላት ብል ነጠቀችኝ። የአውቶቡሱ በር ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አንቺ» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ወርዳ አታውቅም። «ልጄን ሁለቴ ቀበርኳት። ሁለተኛውን ጉድጓድ ያስቆፈርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሰው አንቺ ቢለኝ አገር ይሰማኝ ነበር። ይኸኛው ግን የእኔ ዕዳ ነው፤ ዋጥኩት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ «ያላ፣ ያላ!» ይላል። እኔም፣ «ደስታው ቁመቱ የት ደርሶ ይሆን?» አልኳት።

ጓዟን ወደ ላይ እየወረወረች፣ «ምን አውቄ!» አለች። «ሄጄ አየዋለሁ።»