የላሾች ክፍል

የልጅ ልጄ ካሜራ አንግታ ከመጣች ወዲህ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።» ወደዚህ ወደተዘጋ የማዕድን ሕንፃ ይዣት የመጣሁት እኔ፣ የዛገውን በር በትከሻዬ ገፍቼ የከፈትኩት እኔ፣ ከፎቶው የምባረረውም እኔ። ባዶ ክፍል ነው የምትፈልገው። ሰው ከገባበት ይበላሻል ትላለች። ዝንብ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ጣሪያው ላይ የተገነጠለ ቆርቆሮ በነፋስ ይንኳኳል። እኔም አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። ሕንፃው በቅርቡ ይፈርሳል። ፎቶዎቹ ከተማ ውስጥ ለሰው እይታ ይሰቀላሉ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ማን እንደነበረ የሚናገር ከእነሱ በቀር ምን ይቀራል?

ሰፊው ክፍል ስንደርስ ምን እንደነበረ ጠየቀችኝ።

«የላሾች ክፍል» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። በእነሱ በወጣቶቹ አነጋገር ላሽ በል ማለት ጥፋ፣ ዞር በል ማለት ነው አሉ። ደሜ ፈላ። ላሽ ማለት የሚልስ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ድንጋዩ ከጉድጓድ ሲወጣ አቧራ ለብሶ ነው። እኛ ሴቶቹ በዚህ ረጅም ጠረጴዛ ዳርና ዳር ተደርድረን በምላሳችን እናረጥበዋለን፤ ሲረጥብ በውስጡ ያለው የማዕድን መስመር ብልጭ ይላል። መስመር ያለው ወደ ሣጥን፣ የሌለው ወደ ውጭ። ውሃ አልነበረም ወይ አለችኝ። ነበረ እንጂ፤ ለማሽኑ። አለቆቹ ምላሳችንን ይፈሩት ነበር። የእኔን ዛሬም የሚፈሩ አሉ።

እሷ ጠረጴዛውን ከዚህም ከዚያም ፎቶ አንስታ ስታበቃ ስልኳ ላይ ከፎቶው ሥር የሚሰፍር ነገር ጻፈች። ምን ብለሽ ጻፍሽ ብላት ዓይኗን ሰበረች።

«የሠራተኞች ምግብ ቤት አልኩት። ጠረጴዛ ስላለ… ላሾች ካልኩ እኮ ሰው ይስቃል፣ እማማ።»

ምግብ ቤት! ጉሮሯችን በአቧራ የተዘጋበትን።

«ይሳቅ» አልኳት። «እዚህ እንጀራ የቆረሰ የለም፤ ድንጋይ ነው የላስነው። በይ ያንን አጥፊና የላሾች ክፍል ብለሽ ጻፊ። ጠረጴዛው ጋ ቆሜያለሁ፤ ፎቶ ሳታነሺኝ ንቅንቅ አልልም። ስትጨርሺ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ጎረቤትም አስነብባለሁ፤ ፊደል ባልቆጥርም መታለል አልወድም።»