ሦስተኛው ኤሌክትሮን

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ፣ «በአንድ ኦርቢታል፣ በአንድ የኤሌክትሮን ማደሪያ ማለት ነው፣ ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይገባም። የሁለቱም ስፒን፣ ሽክርክሪታቸው፣ ተቃራኒ መሆን አለበት» ብዬ አንዱን ቀስት ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ሣልኩ።

«ቲቸር፣ ሦስተኛ ቢመጣስ?» አለች አንዷ ተማሪ።

«ሌላ ቦታ ይፈልጋላ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን በደለችኝ?

ቁና ቁና እየተነፈስኩ ቤት ገባሁ። ያለን አልጋ አንድ ነው። ማታ ሥራ የምትገባው ነርሷ እህቴና የታመመችው እማዬ እንደ ቀስቶቼ ራስና ግርጌ ሆነው ተኝተዋል። ጫማዬን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ እንጠጋጋለን» አለች እማዬ።

«አይቻልም እማዬ፣ ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?» ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችልኝ።