ከቀብሩ በኋላ የገባው ጥቅል

የልጅ ልጄ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምላሴን ግን ማንም አልቆረጠውም።

ሲኒማ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው። አንድ መሐንዲስ መጥቶ፣ «እማማ፣ ታሪኩን እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ፤ መቼ ነው የተሠራው?» አለኝ።

«ዓመተ ምሕረት የፈለገ ድንጋዩን ይጠይቅ» አልኩት። «የማውቀውን ልንገርህ፣ ቁጭ በል።»

ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ብናኙን ጠጥቶ ይሁን ምን እንጃ፣ እዚያ ውስጥ ሰው ሲናገር ከትራስ ሥር የሚናገር ይመስላል። ባሌ ፊልም አጫዋች፣ እኔ ጠራጊ። የምንኖረው ከማሽኑ ክፍል ጎን፣ አልጋችንን ብቻ በምትችል ክፍል ነበር። ከሰዓት ባዶውን አዳራሽ ስጠርግ፣ በበሩ ቀዳዳ የገባች ብርሃን መንገዱን ገልብጣ ሸራው ላይ ትዘረጋዋለች። ሰዎች በአናታቸው ይሄዳሉ፣ ጋሪ ሰማይ ላይ ይንከባለላል። መጥረጊያዬን ተደግፌ አያለሁ። ለዚያ ፊልም ቲኬት የቆረጠ የለም።

ባሌ ሞቷል። ሳንባው ነው የገደለው። ይኸን እዚህ መሀል ላይ ተናግሬ ልለፈው፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ሳንባው የጀመረው ሰሞን የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ «ባለቁልፉ» የምንለው፣ ደረጃው ሥር ቆሞ፣ «አንድ ቀን ማሽኑ ከቆመ ሥራውንም ክፍሉንም ለሌላ ሰው እሰጣለሁ!» አለ። አፉ ይቆረጥና! በማግስቱ ባሌ ከአልጋው መነሳት አቃተው። አዳራሹ ግጥም ብሏል።

«አንቺ፣ ማሽኑን ማጉረስ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ሃያ ዓመት አንተን ያጎረስኩ፣ ማሽን ያቅተኛል?»

«የፊልሙ ጥቅሎች ያሉባቸው ቆርቆሮዎች ላይ ቁጥር አለ። በተራ አስገቢ።»

«አይቻለሁ» አልኩት። ማየቱንስ አይቻለሁ፤ ለእኔ ግን ቁጥር የዶሮ ጭረት ነው። ታች ወርዶ ቲኬት ቆራጩን መጠየቅ ይቻል ነበር። ምን ሲደረግ! ያ ጥርሳም እንዲስቅብኝ?

ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ሁላችንም በዓይናችን ነው የምንሰማው። ሦስቱ ጥቅሎች በደህና ሄዱ። አራተኛ ብዬ ያስገባሁት መጨረሻው ኖሯል። ሰውዬው ሞተ፣ ተቀበረ፣ ሚስቱ ብቻዋን በሯን ዘጋች። መብራት በራ። ሰው እንባውን እየጠረገ መነሳት ጀመረ።

እኔ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ቀርቶኛል! ከቆመ አለቀልን። መብራቱን አጠፋሁና የቀረውን ጥቅል ለቀቅኩት።

ሟቹ በሩን ከፍቶ ገባ። ጫማውን አወለቀ። ከሚስቱ ጉንጭ ላይ ዱቄት ጠረገላትና ውሃ ጠጣ።

ለመውጣት የተነሳው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ባለቁልፉ እንኳ ቁልፎቹ እንዳይንሿሹ በመዳፉ ጨምቆ ቆሟል። ከፊት የምትቀመጥ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ባሏን በቀበረች በወሯ ነው። እሷ ብድግ ብላ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም።

በማግስቱ ደጁ ላይ ሰልፍ ሆነ፤ «ሟቹ የሚመለስበትን!» ይላሉ። ባለቁልፉ አንጋጦ፣ «እመቤት፣ ልክ እንደ ትናንቱ ይሁንልኝ» አለኝ። ትናንት «አንቺ» ነበርኩ። ስለ ክፍሉም ዳግመኛ አልተነፈሰ።

መሐንዲሱ ሰምቶኝ ሰምቶኝ፣ «መጨረሻውስ፣ እማማ?» አለ። መፍረሱንም የባሌንም ሞት ከላይ ተናግሬዋለሁ፣ እዚያው ይቅር። መጨረሻው ይኸውላችሁ።

የዚያን የመጀመሪያ ቀን ማሽኑን አጥፍቼ ወደ ክፍላችን ገባሁ። ባሌ በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ እልልታ? ሰውዬው እኮ ይሞታል!»

«ሞቶ ነበር፤ መለስኩት።»

ሳሉ እስኪይዘው ሳቀ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።